የጊታር አምፕሊፋየርንና የስፒከር ሳጥንን ኢምፒዳንስ ማጣጣም፦ በሐረር ጁገል ቤቶች ለሚደረግ የድምፅ ቀረጻ

አኅጽሮት

በቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታር ለመቅረጽ የሚጣመሩት አምፕሊፋየርና የስፒከር ሳጥን ብዙውን ጊዜ ከተለያየ ቦታ የተገኙ፣ አንዱ ለሌላው ተብሎ ያልተሠሩ ናቸው። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ያለው የኢምፒዳንስ ዝምድና ለመሣሪያው ደኅንነትና ለሚቀረጸው ድምፅ ጥራት ያለውን ፋይዳ ያብራራል። በመጀመሪያ የኢምፒዳንስን ምንነት፣ ቀጥሎ የቫልቭና የትራንዚስተር አምፕሊፋየሮችን ልዩነት፣ ከዚያም የስፒከሮችን አያያዝ ስሌትና ከመሰካት በፊት የሚደረገውን ምርመራ ያቀርባል። በመጨረሻም የሐረር ከፍታና የጁገል ቤት አሠራር በጉዳዩ ላይ የሚያሳድሩትን ተጽዕኖ ይመለከታል።

1. መግቢያ

ሐረር ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በዋናነት የተጠቀሱት የሚታዩት ቅርሶች ማለትም ግንቡ፣ በሮቹ፣ 82ቱ መስጊዶች፣ 102ቱ የዝያራ ስፍራዎችና የሐረሪ ቤቶች ልዩ አሠራር ነበሩ። የሚሰማው ቅርስ ግን ከዚህ አያንስም። በከረቡ ከበሮና በከበል የእንጨት ማጨብጨቢያ የሚታጀበው ዚክሪ፣ የሠርግ ዘፈኖች፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው የሹዋሊድ በዓል ዝማሬዎች የከተማዋ የድምፅ ሀብት ናቸው። በቀድሞው የራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘው የሸሪፍ የግል ሙዚየም መሥራች አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ከብራና ጽሑፎችና ከጌጣጌጥ ጎን የቆዩ የሐረሪ ዘፈኖችን ቅጂዎች ማሰባሰባቸው ድምፅም እንደ ዕቃ ሁሉ ሊጠፋና ሊድን የሚችል ቅርስ መሆኑን ያሳያል።

በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ጊታር የዚህ የድምፅ ሀብት አካል ከሆነ ቆይቷል። በድሬዳዋ ተወልዶ በአፍራን ቀሎ ቡድን ውስጥ ያደገው ዓሊ ቢራ ዑድና ጊታር እየተጫወተ በኦሮምኛ፣ በሐረሪኛ፣ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች ዘፍኗል። ከስቱዲዮ ውጭ መቅረጽም ለኢትዮጵያ ሙዚቃ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 የዋልያስ ባንድና ኃይሉ መርጊያ «ትዝታ» የተሰኘውን ሥራቸውን የቀረጹት በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል የምሽት ክበብ ውስጥ፣ ክበቡ ሥራ በማይኖረው ሰዓት ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን አካባቢ የአኮርዲዮን ሥራውን የቀረጸው በሚያውቀው ሰው አነስተኛ የቤት ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ዛሬ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የድምፅ ካርድና አንድ ማይክሮፎን ያለው ሰው ይህንኑ በራሱ ቤት ሊያደርግ ይችላል።

ችግሩ የሚጀምረው የኤሌክትሪክ ጊታር ሲጨመርበት ነው። ያገለገለ አምፕሊፋየር ያለ መመሪያ መጽሐፉ ይገዛል፤ ወይም ከውጭ አገር ዘመድ ያመጣዋል። ስፒከሩ ደግሞ ከሌላ ሳጥን የተፈታ ይሆናል። ሁለቱ ሳይጣጣሙ ከተያያዙ የሚቃጠለው የማውጫ ትራንስፎርመር በቀላሉ የሚተካ አይደለም። በአገር ውስጥ ገበያ አቻውን ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ከውጭ ማስመጣትም የውጭ ምንዛሪና ጊዜ ይጠይቃል። በዚህ መካከል የሚቋረጠው ልምምድ ብቻ ሳይሆን የአንድ አዛውንት ዜማ ሊቀረጽበት የታሰበው ቀጠሮም ጭምር ነው።

2. የኢምፒዳንስ ምንነት

ኢምፒዳንስ ለተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚቀርብ አጠቃላይ ተቃውሞ ሲሆን መለኪያው ኦም ነው። ከተራው ሬዚስታንስ የሚለየው በድምፁ ፍሪኩዌንሲ መሠረት የሚለዋወጥ በመሆኑ ነው። በስፒከር ጀርባ «8 ኦም» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ስለዚህ ቋሚ ዋጋ ሳይሆን የስም ዋጋ ነው።

አንድ የ8 ኦም የጊታር ስፒከር በመልቲሜትር ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 7 ኦም ያሳያል፤ ምክንያቱም መልቲሜትሩ የሚለካው የጥቅል ሽቦውን ሬዚስታንስ ብቻ ነው። ስፒከሩ በተፈጥሮው በሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲ ላይ፣ ይኸውም ለ12 ኢንች የጊታር ስፒከሮች ብዙውን ጊዜ ከ75 እስከ 110 ሄርዝ ባለው ክልል፣ ኢምፒዳንሱ ወደ ብዙ አሥር ኦሞች ይወጣል። ከዚያ በላይ ወደ ስም ዋጋው ተጠግቶ ይወርድና ከ1,000 ሄርዝ በኋላ በጥቅሉ ኢንዳክታንስ ምክንያት እንደገና እየጨመረ ይሄዳል። የጊታር ዝቅተኛው ክር ሳይነካ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ 82.4 ሄርዝ ገደማ መሆኑ ሲታሰብ፣ ሙዚቀኛው በየጊዜው የሚነካው ኖታ ኢምፒዳንሱ እጅግ ከፍ በሚልበት ክልል ውስጥ እንደሚወድቅ ግልጽ ነው። የዚህ ውጤት በክፍል 3 ይታያል።

3. የሁለቱ አምፕሊፋየሮች ልዩነት

3.1 የቫልቭ አምፕሊፋየር

ቫልቭ ከፍተኛ ቮልቴጅና አነስተኛ ከረንት ይዞ የሚሠራ ሲሆን፣ ስፒከር በተቃራኒው ዝቅተኛ ቮልቴጅና ከፍተኛ ከረንት ይፈልጋል። ሁለቱን የሚያስታርቀው የማውጫ ትራንስፎርመር ነው። ትራንስፎርመሩ የራሱ የሆነ ኢምፒዳንስ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚያደርገው በአንዱ ወገን የተሰካበትን ጭነት በጥቅሎቹ ብዛት ንጽጽር ስኩዌር አባዝቶ ለሌላው ወገን ማሳየት ነው።

አንድ ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ሁለት ኢ ኤል 84 ቫልቮች በጥንድ ሲሠሩ በተለመደው አሠራር 8,000 ኦም ጭነት ይፈልጋሉ። 8 ኦም ስፒከር 8,000 ኦም ሆኖ እንዲታያቸው የኢምፒዳንሱ ንጽጽር 1,000 ለ1፣ የጥቅሎቹ ንጽጽር ደግሞ 31.6 ለ1 ይሆናል። በዚሁ የ8 ኦም መሰኪያ ላይ የ16 ኦም ሳጥን ቢሰካ ቫልቮቹ የሚያዩት 16,000 ኦም ነው፤ የ4 ኦም ሳጥን ቢሰካ ደግሞ 4,000 ኦም ያያሉ። በሁለቱም አቅጣጫ የሚገኘው ንጹሕ ኃይል ይቀንሳል፤ ጉዳቱ ግን ይለያያል። ጭነቱ ዝቅ ሲል ቫልቮቹ ከፍ ያለ ከረንት ስለሚያሳልፉ ዕድሜያቸው ያጥራል። ጭነቱ ከፍ ሲል በትራንስፎርመሩ ቀዳሚ ጥቅል ላይ የሚታየው ቮልቴጅ ያድጋል።

ከሁሉ የከፋው ስፒከሩ ጨርሶ ሳይሰካ ወይም ሽቦው ተበጥሶ አምፕሊፋየሩ ሲመታ ነው። በትራንስፎርመሩ ውስጥ የታመቀው መግነጢሳዊ ኃይል የሚወጣበት መንገድ ሲያጣ፣ ከረንቱ በድንገት በተቋረጠ ቁጥር ከአቅርቦቱ ብዙ እጥፍ የሆነ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ይህ ቮልቴጅ የጥቅሉን መሸፈኛ በስቶ ወይም በቫልቭ መቀመጫው እግሮች መካከል ብልጭታ ፈጥሮ መሣሪያውን ያበላሻል። ድምፅ መቀነሻውን ዜሮ ላይ ማድረግ ጭነትን አይተካም፤ እጅ በስሕተት ቢነካው ወይም የጊታሩ ኬብል ቢንኳኳ ጉዳቱ ሊደርስ ይችላልና።

እዚህ ላይ የሐረር አቀማመጥ አንድ ነገር ይጨምራል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። የሳሳ አየር የኤሌክትሪክ ብልጭታን የመከላከል ዐቅሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ሙቀትን ከመሣሪያ የማራቅ ችሎታውም እንዲሁ። ስለዚህ በባሕር ጠለል ደረጃ ለጥቂት የሚተርፍ መሣሪያ በሐረር፣ ከዚህም ይበልጥ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ፣ ላይተርፍ ይችላል።

3.2 የትራንዚስተር አምፕሊፋየር

አብዛኞቹ የትራንዚስተር አምፕሊፋየሮች የማውጫ ትራንስፎርመር የላቸውም። ባሕርያቸውም ከቫልቭ ተቃራኒ ነው፤ ያለ ስፒከር መብራታቸው በአመዛኙ አይጎዳቸውም፤ የሚጎዳቸው ከተፈቀደው በታች የሆነ ጭነት ነው። ጀርባቸው ላይ «ቢያንስ 4 ኦም» የሚል ጽሑፍ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ለምሳሌ እስከ 20 ቮልት ማውጣት የሚችል አምፕሊፋየር ቢወሰድ፣ ኃይል የቮልቴጁ ስኩዌር ለጭነቱ ሲካፈል ስለሆነ፣ በ16 ኦም ላይ 25 ዋት፣ በ8 ኦም ላይ 50 ዋት፣ በ4 ኦም ላይ 100 ዋት ያወጣል። ከረንቱም ከ1.25 ወደ 2.5፣ ከዚያም ወደ 5 አምፒር ያድጋል። ጭነቱ 2.67 ኦም ቢሆን 7.5 አምፒር ይፈለጋል፤ ለ4 ኦም የተሠራ መሣሪያ ይህን ሲሞክር ፊውዙ ይቃጠላል ወይም ትራንዚስተሮቹ ይሄዳሉ። በአንጻሩ ከፍ ያለ ጭነት ማያያዝ የሚያስከትለው የኃይል መቀነስ ብቻ ነው። ለቤት ቀረጻ ይህ ጉዳት ሳይሆን አንዳንዴ ጥቅም ነው።

3.3 በድምፅ ላይ ያለው ውጤት

ልዩነቱ በደኅንነት ብቻ አይወሰንም። የትራንዚስተር አምፕሊፋየር የራሱ የማውጫ ኢምፒዳንስ ዝቅተኛ በመሆኑ የስፒከሩ ኢምፒዳንስ ቢወጣም ቢወርድም ቮልቴጁን እንደያዘ ይቆያል። የቫልቭ አምፕሊፋየር ግን የስፒከሩን ኢምፒዳንስ ተከትሎ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ክልል ቮልቴጁን ይጨምራል። ጆሮ «ሙላት» እና «ጥራት» ብሎ የሚለየው የቫልቭ ድምፅ በከፊል ከዚህ የመነጨ ነው። በስፒከር ፈንታ ተራ ሬዚስተር ተሰክቶ ሲቀረጽ ድምፁ ደረቅ የሚሆንበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ኢትዮጵያዊ ቅኝቶችን ለሚጫወት ሙዚቀኛ ንጹሕ ኃይል ተጨማሪ ትርጉም አለው። በአንቺሆዬ ቅኝት ውስጥ የሚገኙት የግማሽ ድምፅ ርቀቶች ጎን ለጎን ሲመቱ፣ አምፕሊፋየሩ ከዐቅሙ በላይ ሄዶ ከቆረጠ በሁለቱ ኖታዎች ልዩነት የሚወለዱ ባዕድ ድምፆች ዜማውን ያደፈርሱታል። ያልተጣጣመ ጭነት ይህ የሚጀምርበትን ደረጃ ዝቅ ያደርገዋል።

4. የስፒከሮች አያያዝና ስሌቱ

ሁለት ስፒከሮች በተከታታይ ሲያያዙ ኢምፒዳንሳቸው ይደመራል፤ 8 እና 8 ኦም 16 ኦም ይሆናል። በትይዩ ሲያያዙ የሁለቱ ብዜት ለድምራቸው ይካፈላል፤ 8 እና 8 ኦም 4 ኦም ይሰጣል። ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ሁለት የ8 ኦም ስፒከሮችን በትይዩ ይዞ በ4 ኦም የሚሠራው በዚህ ስሌት ነው። አራት እኩል ስፒከሮች ሁለት ሁለት ሆነው በተከታታይ፣ ከዚያም ሁለቱ ጥንዶች በትይዩ ሲያያዙ አጠቃላዩ ከአንዱ ስፒከር ጋር እኩል ይሆናል። አራት የ16 ኦም ስፒከሮች ያሉት የማርሻል 1960 ሳጥን በ16 ኦም የሚያገለግለው ለዚህ ነው።

የተለያየ ኢምፒዳንስ ያላቸውን ስፒከሮች ማቀላቀል የሚቻል ቢሆንም ኃይሉ እኩል አይከፈልም። 8 እና 16 ኦም በትይዩ ሲያያዙ አጠቃላዩ 5.33 ኦም ሲሆን የ8 ኦሙ ስፒከር የሌላውን እጥፍ ኃይል ይወስዳል። በተከታታይ ሲያያዙ ግን 24 ኦም ይሆኑና እጥፉን የሚወስደው የ16 ኦሙ ነው። በዚህ ጊዜ ደካማው ስፒከር የሚችለው የዋት መጠን በሚደርሰው ድርሻ ሊመዘን ይገባል እንጂ የሁለቱን ዐቅም መደመር አሳሳች ነው። ስፒከሮቹ በተቃራኒ ዋልታ ከተያያዙም አንዱ ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ዝቅተኛው ድምፅ ይሳሳል፤ ስለዚህ የመደመርና የመቀነስ ምልክቶቹን መከተል የግድ ነው።

አምፕሊፋየሩ የ4፣ የ8 እና የ16 ኦም መምረጫ ካለው ከሳጥኑ ጋር የሚገጥመውን መምረጥ ይበቃል። የሚገጥም ከሌለ ደንቡ እንደ አምፕሊፋየሩ ዓይነት ነው፤ በትራንዚስተር ከተጻፈው ቁጥር በታች አለመውረድ፤ በቫልቭ ደግሞ አምራቹ ካልፈቀደ በቀር ከቁጥሩ አለመራቅና ከምንም በላይ ያለ ጭነት አለመሥራት።

5. ከመሰካት በፊት የሚደረግ ምርመራ

መመሪያ ለሌለው መሣሪያ የመጀመሪያው ረዳት መልቲሜትር ነው። የስፒከሩ ኬብል ከሳጥኑ ጋር ተሰክቶ፣ ከአምፕሊፋየሩ ግን ተነቅሎ፣ በነጻው ጫፍ ላይ ይለካል። ንባቡ ከ3 እስከ 3.5 ከሆነ ሳጥኑ የ4 ኦም፣ ከ6 እስከ 7 ከሆነ የ8 ኦም፣ ከ11 እስከ 13 ከሆነ የ16 ኦም ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ዜሮ ማለት ሽቦዎቹ ተነካክተዋል፤ ፍጻሜ የሌለው ንባብ ደግሞ ተበጥሷል ማለት ነው። ያልተለመደ ንባብም ትርጉም አለው፤ በአራት የ16 ኦም ስፒከሮች የተሠራ ሳጥን ወደ 25 ኦም ካነበበ፣ ከጥንዶቹ በአንደኛው ውስጥ ያለ ስፒከር ተቃጥሎ ሌላው ጥንድ ብቻውን ቀርቷል።

ሁለተኛው ኬብሉ ራሱ ነው። የጊታር ኬብልና የስፒከር ኬብል ጫፋቸው አንድ ዓይነት ቢሆንም ውስጣቸው ይለያያል። የጊታር ኬብል መካከለኛ ሽቦ ቀጭን በመሆኑ የስፒከርን ከረንት ሲሸከም ይሞቃል፤ ቀልጦ ከተበጠሰም የቫልቭ አምፕሊፋየሩን ያለ ጭነት ይተወዋል።

ሦስተኛው የመስመር ኃይሉ ነው። በኢትዮጵያ የሚሠራበት 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ሲሆን፣ በሰሜን አሜሪካ ለሚሸጥ መሣሪያ የተለመደው 120 ቮልትና 60 ሄርዝ ነው። እንዲህ ያለው አምፕሊፋየር መምረጫ ከሌለው ቮልቴጅ ቀናሽ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ቮልቴጁ ከተስተካከለ በኋላም ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ የኃይል ትራንስፎርመር በ50 ሄርዝ ላይ መግነጢሳዊ ጫናው በ20 በመቶ ስለሚጨምር የበለጠ ይሞቃል። ይህ የኃይል ትራንስፎርመር ከማውጫ ትራንስፎርመሩ የተለየ ነው፤ በመልክ ተመሳስለው በአንድ ሻሲ ላይ ስለሚቀመጡ የአንዱ ችግር በሌላው ሲሳበብ ይስተዋላል።

አራተኛው የመብራት መቋረጥ ነው። በቀረጻ መካከል መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው እርምጃ አምፕሊፋየሩን ማጥፋት ሊሆን ይገባል። ማብሪያው እንደበራ ተትቶ በጨለማው ጊዜ ሳጥን መቀየር አደገኛ ነው፤ መብራቱ በተመለሰበት ቅጽበት ስፒከሩ ተነቅሎ ሊገኝ ይችላልና። የአምፕሊፋየሩን ሻሲ መክፈት ግን ለባለሙያ የሚተው ሥራ ነው፤ በቫልቭ መሣሪያ ውስጥ ያሉ ካፓሲተሮች ከመሰኪያው ከተነቀለ በኋላም ለሞት የሚያበቃ ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

6. የጁገል ቤት እንደ ቀረጻ ክፍል

በሐረሪዎች ዘንድ ጌ ጋር የሚባለው ባህላዊ ቤት ለቀረጻ የሚያመቹ በርካታ ገጽታዎች አሉት። በድንጋይና በጭቃ የታነጹት ወፍራም ግድግዳዎች ድምፅ በቀላሉ አያሳልፉም። በዋናው ክፍል፣ በጊዲር ጋር፣ በተለያየ ከፍታ የተሠሩት ነደባዎች ምንጣፍና ትራስ ስለሚነጠፍባቸው ከፍተኛውን ድምፅ ይመጥጣሉ፤ በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት መደርደሪያዎችና የተሰቀሉት ሰፌዶች ደግሞ የሚመለሰውን ድምፅ ይበትኑታል። ባዶ የሲሚንቶ ክፍል ውስጥ የሚሰማው የሚጮኽ ገደል ማሚቶ እዚህ የለም ማለት ይቻላል። ዝቅተኛው ድምፅ ግን በምንጣፍ አይያዝም። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል በ43 ሄርዝና በብዜቶቹ ላይ ይርገበገባል፤ ሁለተኛው ብዜት፣ 86 ሄርዝ፣ ከጊታሩ ዝቅተኛ ክር ጋር የሚጎራበት ነው። ስለዚህ ሳጥኑን ከማዕዘን ማራቅና ማይክሮፎኑን ወደ ስፒከሩ ማስጠጋት ይመከራል። እንደ ሹር ኤስ ኤም 57 ያለ ዳይናሚክ ማይክሮፎን ወደ ስፒከሩ መሐል ሲዞር ድምፁ ይጠራል፤ ወደ ጠርዙ ሲሄድ ይለሰልሳል።

ድምፅ የሚያመልጠው በበር፣ በመስኮትና በቆርቆሮ ጣሪያ በኩል ነው። በጁገል ውስጥ ቤቶች ግቢና ግድግዳ ስለሚጋሩ፣ መስጊዶቹም ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ፣ የድምፅ መጠን የመሣሪያ ብቻ ሳይሆን የጉርብትና ጥያቄ ነው። አዛን ከቀረጻው ጋር እንዳይቀላቀል፣ የጊታሩም ድምፅ ሶላትን እንዳይረብሽ የቀረጻ ሰዓትን በሶላት ሰዓታት መካከል መመደብ ሁለቱንም ወገን ያከብራል።

የድምፅ መጠንን ለመቀነስ ዋት መቀነስ ብቻውን ያን ያህል አይረዳም። በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት 98 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በ16 ዋት 110 ዴሲቤል ይደርሳል። ኃይሉን ወደ 8 ዋት ማውረድ የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ ግማሽ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል መቀነስ፣ ማለትም ወደ 1.6 ዋት መውረድ ያስፈልጋል።

ድምፁን ጨርሶ ዝም አሰኝቶ ለመቅረጽ ለሚፈልግ ሰው አማራጩ ሎድ ቦክስ ነው። ይህ መሣሪያ በስፒከሩ ቦታ ተሰክቶ ኃይሉን ወደ ሙቀት ይለውጣል። ኢምፒዳንሱ ከአምፕሊፋየሩ ጋር መግጠም፣ የዋት ዐቅሙም ከአምፕሊፋየሩ መብለጥ አለበት፤ ሲመረጥ የስፒከርን የኢምፒዳንስ መውጣትና መውረድ የሚመስለው ዓይነት በክፍል 3.3 የተገለጸውን ድርቀት ያስቀራል። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ሄርዝ ገደማ በላይ ያለውን ድምፅ በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ በሎድ ቦክስ የተቀረጸው ምልክት በኮምፒውተር የስፒከር ሳጥን አምሳያ ካላለፈ የሚጮኽና የሚቧጥጥ ይሆናል። ዲ አይ ቦክስ ግን ሎድ ቦክስ አይደለም። ምልክቱን ይቀዳል እንጂ ኃይሉን አይሸከምም፤ ከቫልቭ አምፕሊፋየር ጋር ሲያገለግል ስፒከሩ ወይም ሎድ ቦክሱ እንደተሰካ መቆየት አለበት።

7. ማጠቃለያ

ኢምፒዳንስን ማጣጣም ለባለሙያ ብቻ የተተወ ምሥጢር ሳይሆን በአንድ መልቲሜትርና በጥቂት ስሌት የሚደረስበት ጥንቃቄ ነው። የቫልቭ አምፕሊፋየር ያለ ጭነት መሥራት የለበትም፤ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ከተፈቀደለት በታች ጭነት መሸከም የለበትም፤ በሁለቱም መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ በቀረጻው ላይ ይሰማል። የሐረር ከፍታ ብልጭታን ማቅለሉ፣ የመብራት መቋረጥና የመለዋወጫ እጥረት ጥንቃቄውን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርጉታል፤ የጌ ጋር ግድግዳዎችና ነደባዎች ደግሞ በገንዘብ የማይገኝ ጥሩ የቀረጻ ክፍል ይሰጣሉ። የነደባዎቹና የግድግዳ መደርደሪያዎቹ የድምፅ መምጠጥና መበተን መጠን በልኬት ቢጠና፣ ለቤት ቀረጻም ሆነ ለቤቶቹ ጥገና የሚጠቅም መረጃ ይገኝበታል። እስከዚያው ድረስ፣ ከመጀመሪያው ኖታ በፊት ኬብሉን መለካት መሣሪያውንም ሊቀረጽ የታሰበውንም ዜማ ከጉዳት ይጠብቃል።